በቡድን የሚሰጥ የስኳር ሕመም ራስን የመንከባከብ ሥልጠና፦ ወጪው በምን ይሰላ? ማንስ ይክፈለው?

ነርስ አስተባባሪ (ጥያቄ አቅራቢ)

ውድ የመድረኩ አባላት፣

የስኳር ሕመም ላለባቸው ታካሚዎች በቡድን የሚሰጠውን ራስን የመንከባከብ ሥልጠና ማስተባበር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥልጠናው ለ6 ሳምንታት በየሳምንቱ 2 ሰዓት፣ በድምሩ 12 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ በአንድ ዙር 12 ሰው እንመዘግባለን። አሠልጣኞቹ ሁለት ነን፤ አንዷ እኔ ስሆን ሌላዋ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። እስካሁን ታካሚው የሚከፍለው ነገር አልነበረም። ሰሞኑን ግን የምሠራበት ተቋም አስተዳደር ሥልጠናው ገቢ የሌለው ወጪ ስለሆነ ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ታካሚዎች እንዲከፍሉበት፣ ይህ ካልሆነ ደግሞ እንዲቋረጥ ሐሳብ አቅርቧል። እኔም የሥልጠናውን ወጪና ጥቅም በጽሑፍ አዘጋጅቼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ።

የተቸገርኩት ስሌቱ ላይ ነው። ወጪውን ለአንድ ሰው ላካፍል ስነሣ አካፋዩ የቱ እንደሆነ ግራ ገባኝ። የተመዘገበው ነው? የመጀመሪያውን ቀን የመጣው ነው? ወይስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት የዘለቀው? በየትኛው እንደማካፍል ስቀያይር ያው ሥልጠና አንድ ጊዜ ርካሽ፣ ሌላ ጊዜ ውድ ሆኖ ይታየኛል።

ጥቅሙን በቁጥር ለመግለጽ ደግሞ ይበልጥ ተቸግሬአለሁ። ባለፈው ዙር ሦስተኛው ሳምንት ላይ የኢንሱሊን አወጋግ እያሳየን ሳለን፣ አንዲት ሠልጣኝ አጠገባቸው የተቀመጡትን በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ አባት «እርስዎ የት የት ነው የሚወጉት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሸሚዛቸውን ገለጥ አድርገው ከእምብርታቸው በስተግራ አንድ ቦታ አሳዩን። ቦታው ላይ የግማሽ እንቁላል ያህል ከፍ ያለ፣ ሲዳሰስ ጠንከር ያለ እብጠት ነበር። ላለፉት 7 ዓመታት እዚያው የሚወጉት ቦታው ስለደነዘዘ «አያመኝም» በሚል ምክንያት ነው። ያበጠ ቦታ ኢንሱሊንን በአግባቡ ስለማያሳልፍ የደማቸው ስኳር አልወርድ ይላል፤ በየቀጠሮው ደግሞ መጠኑ ይጨመርላቸዋል። በእነዚያ 7 ዓመታት ውስጥ ሆዳቸውን የዳሰሰ ባለሙያ አልነበረም፤ እኛም ጭምር። ጥያቄውን ያነሣችው ሌላ ታካሚ ናት። ይህን በየትኛው የወጪ መደብ ውስጥ ልጻፈው?

ልምድ ያላችሁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሒሳብ ሰው

እህታችን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ አካፋዩ ላይ ነው። ገንዘብ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እኔ በባለሙያ ሰዓት ላስላልዎት፤ እርስዎ የተቋምዎን የሰዓት ክፍያ አባዝተው መጠቀም ይችላሉ።

ሁለት አሠልጣኞች እያንዳንዳቸው 12 ሰዓት ክፍል ውስጥ ከቆዩ 24 ሰዓት ይሆናል። ለዝግጅት 6 ሰዓት፣ ለመዝገብ ሥራና ለስልክ ጥሪ 10 ሰዓት ያዙ እንበል። ድምሩ 40 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ሰው ቢመጣም ስድስት ሰው ቢመጣም የሚቀየር ነገር የለም ማለት ይቻላል። ክፍሉ ያው ክፍል፣ አሠልጣኞቹም ያው አሠልጣኞች ናቸው። በቡድን ሥልጠና ውስጥ ለአንድ ተጨማሪ ሰው የሚወጣው ወጪ እጅግ ትንሽ ነው፤ ከጽሑፍና ከጥቂት የደም ስኳር መመርመሪያ ስትሪፕ አያልፍም።

እንግዲህ 12ቱም ሰዎች ከጨረሱ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ስምንቱ ብቻ ከጨረሱ ግን 5 ሰዓት ይሆናል። አሁን ይህን በተናጠል ከሚሰጥ ምክር ጋር ያነጻጽሩት። አንድ ታካሚ 45 ደቂቃ የሚወስዱ አራት የተናጠል ቀጠሮዎች ቢሰጡትና ለመዝገቡ አንድ ሰዓት ቢጨመር ድምሩ 4 ሰዓት ነው። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ቡድኑ ከተናጠሉ ጋር እኩል የሚሆነው 10 ሰው ሲጨርስ ነው። ከዚያ በታች ሲሆን «በቡድን ይረክሳል» የሚለው አባባል አይሠራም። ሥልጠናውን የሚያስወድደው የሚመጣው ታካሚ ሳይሆን ባዶ የሚቀረው ወንበር ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት አንድ ነገር ይጎድለዋል። በተናጠል የተስተናገደው ታካሚ ከባለሙያ ጋር የሚያሳልፈው 3 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ በቡድን ያለው 12 ሰዓት ይቆያል። ታካሚው ለሚያገኘው አንድ ሰዓት ስንት የባለሙያ ጊዜ እንደሚወጣ ካሰሉት፣ በተናጠል 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሲሆን፣ ስምንት ሰው በጨረሰበት ቡድን 25 ደቂቃ ብቻ ነው። አስተዳደሩ ዘንድ ሲቀርቡ ሁለቱንም ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንዱን ብቻ ካቀረቡ ሌላውን የሚያነሣ ሰው አይጠፋም።

ዘጠኝ ዓመት ከስኳር ጋር

የሒሳብ ባለሙያው ስሌት ግልጽ ነው፤ ሆኖም ስሌቱ ውስጥ እኔ የለሁም። ከዓይነት 2 የስኳር ሕመም ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ፤ እንዲህ ባለ ሥልጠና ተመዝግቤ አራተኛው ሳምንት ላይ ካቋረጡት ሰዎችም አንዱ ነኝ። ስለዚህ ባዶ የቀረው ወንበር የእኔ ነው፤ ለምን ባዶ እንደቀረ ልናገር።

ሥልጠናው በነጻ ነው የተባለው። ይሁን እንጂ በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ጠዋት ላይ ነበር የሚሰጠው። እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ ያልሠራሁበት ቀን አይከፈለኝም። ለሁለት ሰዓት ትምህርት ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን አጣለሁ፤ በዚያ ላይ የደርሶ መልስ መጓጓዣ አለ። ስድስት ሳምንት ማለት ለእኔ ከሳምንት ገቢዬ በላይ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ለአለቃዬ ሕመሜን ነግሬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ በሁለተኛው ሳምንት ፊቱን አጠቆረብኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሮ ጠበቀኝ። አራተኛው ሳምንት ላይ ምን መምረጥ እንዳለብኝ የሚጠፋው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሌላው ደግሞ ይኸው ነው። በሥልጠናው የተማርነው ትልቁ ነገር ስኳራችንን እየለካን ውጤቱን እየጻፍን ምን ከፍ እንደሚያደርገው፣ ምን እንደሚያወርደው ራሳችን እንድንለይ ነበር። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ እስከ ዛሬም ይጠቅመኛል። ነገር ግን ስትሪፑ የሚገዛው በኪሳችን ነው። አሠልጣኟ ከምግብ በፊትና ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ለኩ ስትለን አጠገቤ የነበሩት እናት በጆሮዬ «በሳምንት ሁለት ከሆነልኝ ትልቅ ነገር ነው» አሉኝ። ሥልጠናው እንድናደርግ የሚያዝዘንን ነገር ዋጋ ከሥልጠናው ወጪ ለይቶ ማየት ትክክል አይደለም።

ካቋረጥኩ በኋላ ለምን እንደቀረሁ ደውሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሰው ሲቀር ምክንያቱ ግድየለሽነት ተደርጎ መወሰዱ ስለሚያሳዝነኝ ነው የጻፍኩት።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ወንድሜ ላጋጠመዎት ነገር ከልብ አዝናለሁ፤ የተናገሩትም በጥናት የሚደገፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣ አንድ ሪፖርት እንዳሳየው፣ የግል የጤና መድን ካላቸውና የስኳር ሕመም እንዳለባቸው አዲስ ከተነገራቸው አዋቂዎች ውስጥ በመጀመሪያው ዓመት ሥልጠናውን የወሰዱት 6.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድን ያላቸው ሰዎች እንኳ ይህን ያህል ካልመጡ እንቅፋቱ የክፍያ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሰዓቱ፣ ርቀቱ፣ ሐኪሙ ራሱ ታካሚውን መላክ መርሳቱ ሁሉ አስተዋጽኦ አላቸው። የመጨረሻው እኛን ሐኪሞችን የሚመለከት ነው፤ እኔም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም።

እህታችን ጥቅሙን በቁጥር ለማስረዳት ስለተቸገሩበት ጉዳይ የሚከተለውን ልበል። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተለው የብሪታንያው ታላቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ትንተና፣ የሦስት ወሩ አማካይ የደም ስኳር (ኤችቢኤዋንሲ) በ1 በመቶ ነጥብ ዝቅ ማለት ከስኳር ጋር በተያያዘ ሞት በ21 በመቶ፣ በዓይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ደግሞ በ37 በመቶ መቀነስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ «ሥልጠናው ይህን ቁጥር ምን ያህል ያወርደዋል? ለምን ያህል ጊዜስ ያቆየዋል?» የሚለው የወጪው ክርክር መሠረት ነው።

እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን አለብን። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና እንዳገኘው፣ ኤችቢኤዋንሲን በ1 በመቶ ነጥብ ለማውረድ በአማካይ 23.6 የግንኙነት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሥልጠናው ባበቃ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥም የተገኘው ውጤት በእጅጉ ይቀንሳል። በብሪታንያ «ዴዝመንድ» በሚል ስም የሚታወቀው፣ ዓይነት 2 መሆኑ አዲስ ለተነገራቸው ሰዎች በቡድን የሚሰጠው የ6 ሰዓት ሥልጠና በ824 ሰዎች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ሲታተም፣ በዓመቱ መጨረሻ በኤችቢኤዋንሲ ረገድ ሥልጠናውን ካልወሰዱት ጋር ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ይሁን እንጂ ሠልጣኞቹ የተሻለ ክብደት ቀንሰዋል፤ ማጨስ ያቆሙትም በርክተዋል። ይህን ይዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ወጪውን ያሰሉት ተመራማሪዎች ለአንድ ሙሉ ጤናማ የሕይወት ዓመት የሚወጣውን በጥናቱ ወጪ ሲያሰሉት 5387 ፓውንድ፣ በተለመደው የአገልግሎት ወጪ ሲያሰሉት ደግሞ 2092 ፓውንድ ሆኖ አገኙት። በዚያ አገር አንድ ሕክምና ዋጋው ይገባዋል የሚባልበት ጣሪያ ከ20000 እስከ 30000 ፓውንድ ነበር። እንግዲህ የደም ስኳሩን ጉልህ በሆነ መጠን ያላወረደ ሥልጠና እንኳ በክብደትና በማጨስ ለውጥ ብቻ ዋጋውን ሊመልስ ይችላል።

በዓይነት 1 (ሰውነት ራሱ ኢንሱሊን በማያመርትበት የስኳር ሕመም) ደግሞ ሁኔታው የተለየ ነው። ከጀርመኗ ዱሰልዶርፍ ከተማ ሥልጠና ተወስዶ በብሪታንያ «ዳፍኒ» የተባለው የ5 ተከታታይ ቀናት የቡድን ሥልጠና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመው ጥናት ኤችቢኤዋንሲን በስድስት ወር ውስጥ በ1 በመቶ ነጥብ ያህል አሻሽሏል። አምስት ቀን ከሥራ መቅረት ከባድ ነው፤ የሚሰጠው ውጤት ግን አንድ መድኃኒት ከሚሰጠው ጋር ይስተካከላል።

አንድ የሕክምና ጥያቄም አለኝ። እኒያን አባት የመወጊያ ቦታ ስታስቀይሩ የኢንሱሊኑን መጠን ቀንሳችሁ ነበር? ያበጠው ቦታ ላይ ሲወጉት የነበረው መጠን ጤናማ ቆዳ ላይ ሲወጋ ሙሉ በሙሉ ስለሚሠራ ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።

ከወዲያኛው ወገን

እኔ በጤና ተቋም አስተዳደር ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። ቀጥሎ የምለው ብዙዎቻችሁን ደስ ላያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን እህታችን የሚከራከሩት እኔን ከመሰለ ሰው ጋር ስለሆነ ቀድመው ቢሰሙት ይሻላል።

ሐኪሙ ያነሡት ቁጠባ እውነት መሆኑን እቀበላለሁ። የተቆረጠ እግር፣ የኩላሊት እጥበት፣ የጠፋ ዓይን ሁሉም እጅግ ውድ ናቸው። ችግሩ ቁጠባው የሚገኘው ከዐሥር ወይም ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ተቋም፣ በሌላ ከፋይ ሒሳብ ውስጥ መሆኑ ነው። ወጪው ግን ዛሬ፣ በእኛ መዝገብ ላይ ይመዘገባል። እንዲያውም አንዳንድ ተቋማት ገቢ የሚያገኙት ከኩላሊት እጥበቱና ከቀዶ ሕክምናው መሆኑን መደበቅ አይገባም። ስለዚህ «ሥልጠናው ወጪ ይቆጥባል» ብለው ብቻ ከመጡ «ለማን?» ተብለው ይጠየቃሉ።

ለዚህ ነው ክፍያው ከታካሚውም ከተቋሙም ይልቅ ወደ መድኑ መሄድ ያለበት ብዬ የማምነው። በአሜሪካ ለአረጋውያን የተቋቋመው የመንግሥት መድን እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ሕግ ይህን ሥልጠና መክፈል ሲጀምር ሰዓቱን በግልጽ ደንግጓል። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሰዓት ሲሰጥ 1 ሰዓቱ በተናጠል፣ 9 ሰዓቱ በቡድን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 2 ሰዓት አለ። ታካሚው በየዓመቱ በቅድሚያ ራሱ የሚከፍለውን ድርሻ ካሟላ በኋላ ከሥልጠናው ዋጋ 20 በመቶውን ይሸፍናል። ፍጹም ነው አልልም፤ ሐኪሙ የጠቀሱት ዓይነት የተሳታፊ ማነስ እዚያም አለ። ቢሆንም ሥልጠናው ሕክምና ነው ተብሎ በክፍያ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ራሱን የቻለ ቁም ነገር ነው። ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሥራ ሁልጊዜ በበጎ ፈቃድ የቆመ ይመስላል፤ በጀት ሲጠብ በመጀመሪያ የሚታጠፈውም እሱ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን ተመላሽ ማስያዣ ለምን አይሞከርም? ታካሚው ሲመዘገብ ጥቂት ገንዘብ ያስይዝና ስድስቱንም ሳምንት ሲጨርስ ይመለስለታል። ባዶ ወንበር ይቀንሳል፤ ማንም አይከስርም።

ዘጠኝ ዓመት ከስኳር ጋር

ወንድሜ፣ በቅን ልቦና እንደጻፉት አይጠፋኝም። ነገር ግን ማስያዣ ማስያዝ የሚችል ሰው ቀድሞውንም መምጣቱ አይቀርም። እኔ አራተኛው ሳምንት ላይ የቀረሁት ሥራዬን ላለማጣት ነው። ማስያዣ አስይዤ ቢሆን ኖሮ በቀረሁ ጊዜ ከሥራዬ ሌላ ማስያዣዬንም አጣ ነበር። ሌላ ሰው ያለምክንያት ቀርቶ ከሆነ ይቀጣ፤ ምክንያት ያለውን ከሌለው የሚለየው ግን ስልክ ደውሎ መጠየቅ እንጂ ገንዘብ መያዝ አይደለም።

የሒሳብ ሰው

በሒሳቡም ቢሆን እሳቸው ትክክል ናቸው። ወጪው ቋሚ ከሆነ ሰው የሚያስቀር ማንኛውም ነገር በአንድ ሰው ላይ የሚደርሰውን ወጪ ከፍ ያደርገዋል። ከ12 ሰው የተሰበሰበ ትንሽ ክፍያ አራት ሰው ካስቀረ፣ የተገኘው ገቢ ከጠፋው ጋር ሲተያይ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ የሚቀሩት ዘፈቀደ የሚወድቁ ሰዎች አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ ስኳራቸው ይበልጥ ከፍ ያለ፣ ኑሯቸው የጠበበ፣ ከሥልጠናው የሚያገኙት ጥቅምም ትልቅ የሆነ ሰዎች ናቸው።

ወጪውን መቀነስ ከተፈለገ አካፋዩን ማሳደግ ብቻ ሳይሆን ተካፋዩንም መመልከት ይቻላል። ሁለቱም አሠልጣኞች በስድስቱም ሳምንት መገኘት አለባቸው? የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በሁለት ሳምንት ብቻ ብትገኝ 8 ሰዓት ይቀንሳል፤ ድምሩ 32 ይሆናል። በዚያ ስሌት ስምንት ሰው ቢጨርስ እንኳ ለአንድ ሰው 4 ሰዓት ነው፤ ከተናጠሉ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። ከተቆጠበው 8 ሰዓት ውስጥ ሁለቱን ለስልክ ጥሪ ቢሰጡትና በዚያ ምክንያት ሁለት ሰው ቢመለስ 34 ሰዓት ለ10 ሰው ይካፈላል፤ 3 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ይመጣል። ከመዝገቡ ውስጥ የስልኩን ሰዓት ግን እንዳይቀንሱ አደራ እላለሁ።

አስታማሚ ልጅ

የእናቴን ክትትል የማደርገው እኔ ነኝ። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ዓይኗ በስኳሩ ምክንያት ደክሟል። ሥልጠና ስትገባ እኔ አብሬ ካልገባሁ የምትሰማውን እንጂ የሚታየውን አትከታተልም፤ የደም ስኳር መለኪያው (ግሉኮሜትሩ) ላይ ያለውን ቁጥርም የማነብላት እኔ ነኝ። ስለዚህ የእኛ ቤት ወጪ የሁለት ሰው የሥራ ቀን ነው።

ባለፈው ጊዜ የሄድንበት ቦታ «የተመዘገበው አንድ ሰው ነው» ተብሎ ከበር እንድጠብቅ ተደረገ። እናቴ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትወጣ የተሰጣትን ወረቀት አቀበለችኝ። እግርን በየቀኑ መፈተሽ እንደሚገባ የሚያስረዳ ወረቀት ነበር፤ ከታች ደግሞ የእግር መዳፍና በጣቶች መካከል ያሉ ቦታዎች በሥዕል ተመልክተው ነበር። እሷ ጎንበስ ብላ መዳፏን ማየት አትችልም፤ ብትችልም አይታያትም። በየማታው እግሯን አጥቤ በጣቶቿ መካከል በፎጣ የማደርቀው፣ ቁስል መኖር አለመኖሩን የማየው እኔ ነኝ። ታዲያ መማር የነበረበት ማን ነው?

የሒሳብ ባለሙያው እንዳሉት አንድ ተጨማሪ ሰው ክፍል ውስጥ መቀመጡ ወጪ የማይጨምር ከሆነ አስታማሚዎችን ማስገባት ለምን ይከለከላል? እባክዎ እህቴ፣ በሚያቀርቡት ጽሑፍ ውስጥ ይህን ያስገቡልን። ሌላም የማሳስበው አለ፤ መስማት ለሚቸግረው ወይም በሰው ፊት ስለ ገላው መናገር ለሚከብደው ሰው ቡድን አይሆነውም። ቡድኑ ረከሰ ተብሎ የተናጠሉ በር እንዳይዘጋ።

ነርስ አስተባባሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያላሰብኩባቸውን ነገሮች አሳያችሁኝ። የስልክ ጥሪውን በተመለከተ ማፈሬን መደበቅ አልችልም፤ እኛም ዘንድ ሰው ሲቀር «አቋርጧል» ብለን መዝገቡ ላይ ከመጻፍ ያለፈ ነገር አላደረግንም። ትናንት የሁለት ዓመቱን መዝገብ ገልጬ የቀሩትን ስቆጥር፣ አብዛኞቹ የቀሩት በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ለብዙዎቹ ምክንያቱ ምን እንደነበር የሚናገር አንድም መስመር የለም።

ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ሥልጠናውን ቀድመው የወሰዱ ታካሚዎችን በረዳትነት ማሠማራት ወጪውን ይቀንሳል የሚል ሐሳብ ቀርቦልኛል። ልምድ ያለው ሰው ካለ?

የቀድሞ ሠልጣኝ

እኔ እንደዚያ ዓይነት ረዳት ሆኜ ሦስት ዙር ሠርቻለሁ። ጥቅሙ ትልቅ ነው። ሰው ለነርስ የማይናገረውን ለእኔ ይናገራል። ኢንሱሊን ጀምሩ ሲባሉ «ይሄ የመጨረሻው ደረጃ ነው» ብለው ፈርተው መርፌውን ለወራት መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች፣ እኔ ፊታቸው ስወጋ አይተው የጀመሩ አሉ።

ወጪ ይቀንሳል በሚለው ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ዙር በደስታ ሠራሁ። በሁለተኛው ዙር ሰዎች ስልኬን ይዘው በሌሊት ሳይቀር ይደውሉልኝ ጀመር፤ ስኳራቸው ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ መድኃኒት ሲያልቅባቸው። በሦስተኛው ዙር ለመጓጓዣ እንኳ የሚሰጠኝ አልነበረም፤ ደክሜ ተውኩት። በነጻ የሚሠራ ሰው ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ዋጋውን ራሱ ይሸከመዋል ማለት ነው። ረዳት የምታሠማሩ ከሆነ መጓጓዣውን፣ የሥልጠና ጊዜውንና ከእሱ ጀርባ ሆኖ ስልክ የሚያነሣ ባለሙያ መኖሩን በወጪው ውስጥ አስሉ። የመድኃኒት መጠን መወሰን ደግሞ በምንም ሁኔታ የረዳቱ ሥራ መሆን የለበትም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ከላይ ውጤቱ ከሥልጠናው በኋላ እንደሚቀንስ ጽፌ ስለነበር ተስፋ አስቆራጭ ሆኖ እንዳይቀር ልጨምርበት። በጣሊያኗ ቱሪን ከተማ የሠሩት ባለሙያዎች የቡድን ትምህርቱን ከመደበኛው ክትትል ጋር አዋሐዱት። 9 ወይም 10 የሚሆኑ ታካሚዎች በየሦስት ወሩ በቡድን ይገናኛሉ፤ የተለመደውን የተናጠል ቀጠሮ የሚተካው ይኸው የቡድን ስብሰባ ነው፤ ለግል ጉዳይ የሚያስፈልገው ሰው ከስብሰባው በኋላ ሐኪሙን ያገኛል። ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸውን 112 ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በቡድን የነበሩት ሰዎች የደም ስኳር ባለበት ሲጸና፣ በተለመደው ክትትል የነበሩት ግን እየባሰ ሄዷል።

ለእህታችን ጥያቄ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ታካሚው በዓመት አራት ጊዜ ለቀጠሮ መምጣቱ አይቀርም፤ የሥራ ቀኑንም መጓጓዣውንም ለዚያ ያወጣል። ትምህርቱ እዚያው ቀጠሮ ውስጥ ከገባ አዲስ የሚያጣው ቀን የለም፤ ተቋሙም በአንድ ጠዋት ዐሥር ሰው ያስተናግዳል። ሥልጠናን ከሕክምናው ጎን የቆመ ሌላ አገልግሎት አድርገን ስለምናየው ነው ለብቻው ወጪ የምንፈልግለት።

ከወዲያኛው ወገን

የቱሪኑ አሠራር ለእኔም ቢቀርብልኝ የማልፈርምበት ምክንያት አይታየኝም። ለአስተዳደር «አዲስ በጀት ስጡኝ» ከማለት ይልቅ «ያለውን ቀጠሮ በሌላ መልክ ላድርገው» ማለት እጅግ ይቀላል። ማስያዣውን በተመለከተ ሐሳቤን አንሥቻለሁ።

ነርስ አስተባባሪ

ጽሑፌን ዛሬ ጠዋት አስገብቻለሁ። የጠየቅሁት እንደሚከተለው ነው። ታካሚው አይከፍልም። የሚቀጥለው ዙር 14 ሰው ተመዝግቦ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይሰጣል፤ አስታማሚ ያለው ሰው ከአስታማሚው ጋር ይገባል፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዋ በሁለተኛውና በአምስተኛው ሳምንት ትገኛለች፤ አንድ ቀን የቀረ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ይደወልለታል፤ ምክንያቱም ይመዘገባል። ሥልጠናው ሲያልቅ ቡድኑ በየሦስት ወሩ በቀጠሮው ቀን አብሮ እንዲገናኝ ለሙከራ አንድ ዓመት ጠይቄአለሁ። ወጪውንም በሁለቱም አካፋዮች (በጨረሰው ሰውና ታካሚው በሚያገኘው ሰዓት) አስልቼ፣ ከጎኑ የታካሚውን የሥራ ቀንና የመጓጓዣ ወጪ ለብቻው በሌላ ዓምድ አስቀምጬዋለሁ። ለስትሪፕ የሚሆን መልስ ግን አላገኘሁለትም፤ እንዲሁ በጥያቄ መልክ ጻፍኩት።

ዶክተር፣ ስለ እኒያ አባት ለጠየቁኝ መልሱ ይኸው። ተረኛው ሐኪም መጠኑን ቀንሶላቸው ነበር ቦታውን የቀየሩት። እንዲያም ሆኖ በአራተኛው ሌሊት ከእንቅልፋቸው ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነቁ። የደማቸው ስኳር ወርዶ 58 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የተማሩትን አስታውሰው ስኳር በጥብጠው ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ለኩ፤ ሲነጋ ደወሉልኝ። መጠኑ እንደገና ተቀነሰ። እኔ ያን ዕለት ከእሳቸውና ከሐኪሙ ጋር በስልክ ያሳለፍኩት 25 ደቂቃ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያው «መዝገብና ስልክ» ባሉት መደብ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።